9 ሚሊ ወይስ ፎርቲ? ለታጠቀ ጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጥ ሲመረጥ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጥበቃ የሚሠሩ ልጆች የመሣሪያ ፈቃድ ባወጡ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ፎርቲ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» (ፎርቲ የጥይቱ ውፍረት 0.40 ኢንች የሆነ ሽጉጥ ነው፤ 9 ሚሊው ደግሞ 9 ሚሊሜትር።) እኔ ደግሞ ሁሌ አንድ መልስ ነው ያለኝ። ተዉት፤ 9 ሚሊ ግዙ።

ፎርቲ የረከሰው ፖሊሶች ራሳቸው ስለተዉት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) በ1986 ማያሚ ላይ የኤፍቢአይ (የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሰዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሞቱ። አንዱን ዘራፊ የመታችው የ9 ሚሊ ጥይት ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የ9 ሚሊ ስም ጠፋ። ቢሮው 10 ሚሊ ሞከረ፤ ለብዙዎቹ እጅ ከበደ። በ1990 የመሣሪያና የጥይት አምራቾቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ዊንቸስተር እሱኑ አሳጥረው ፎርቲን አወጡ። የአሜሪካ ፖሊስም ተከታትሎ ገዛው።

ዛሬ የጥይት አሠራር ተለውጧል። አፉ የተቦረቦረው ጥሩ 9 ሚሊ፣ ኤፍቢአይ ሥጋ በሚመስል ጄል ላይ በሚያደርገው ሙከራ የሚፈልገውን ከ12 እስከ 18 ኢንች ይገባል። ቢሮው ራሱ በ2016 የ9 ሚሊ ግሎክ መረጠ። ጦሩም በ2017 ሲግ ሳወር ፒ 320 የተባለውን ሽጉጥ ሲወስድ በ9 ሚሊ ነው። «9 ሚሊ ሰው አያቆምም» የሚላችሁ ሰው የድሮ ወሬ ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። አዲስ ግሎክ 19 (9 ሚሊ ነው) ወደ 540 ዶላር ነው። ከፖሊስ የወጣ የፎርቲ ግሎክ 330 አካባቢ ታገኛላችሁ። 200 ዶላር ተረፈ ማለት ነው? ቆይ። የልምምድ ጥይት 50 ፍሬው በ9 ሚሊ 14 ዶላር አካባቢ ሲሆን ፎርቲው 19 ይደርሳል። በወር ሁለት ፓኮ ብትተኩሱ በዓመት 120 ዶላር ልዩነት አለው። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ የመሣሪያ ሥልጠናው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሳትለማመዱ መሄድ አይሆንም። ፎርቲው እጅ ላይ ስለሚራገጥ ለጀማሪ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፤ ብዙ ልምምድ ደግሞ ብዙ ጥይት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ከፖሊስ የወጣ ፎርቲ ገዛ። ሻጩ «የሌሊት ማነጣጠሪያ አለው» ብሎታል። ቤት ወስዶ መብራት ሲያጠፋ ምንም አይታይም። ማነጣጠሪያውን የሚያበራው ትሪቲየም የሚባል ጋዝ በ12 ዓመት ገደማ ግማሽ ኃይሉን ያጣል፤ ያ ሽጉጥ ደግሞ ፖሊስ ወገብ ላይ አርጅቶ የመጣ ነው። አዲስ ማነጣጠሪያ ከነማስገጠሚያው 130 ዶላር በላበት። ሻጩ በምርቃት የሰጠው ካዝና ደግሞ ኮፒ ነበር። ሞላው ልፍስፍስ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች በቅጡ አይገፋም፤ አፍንጫቸውን ይደፉና ይቀረቀራሉ። በዚህ ሥራ ላይ ኮፒ ካዝና መያዝ በነፍስ መቀለድ ነው። ኦሪጅናሉ ከ30 ዶላር ብዙም አይርቅም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከሥራ ስትገቡ የጎረሰውን ጥይት ታወጣላችሁ፤ ጠዋት ያንኑ መልሳችሁ ታጎርሳላችሁ። ይህ ሲደጋገም አረሩ በትንሽ በትንሹ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ባሩዱ ያለበት ቦታ ሲጠብ ሲተኮስ የሚፈጠረው ግፊት ይጨምራል። በየትኛውም ጥይት የሚደርስ ነገር ነው፤ ፎርቲ ላይ ግን አደጋው ይብሳል። የጓደኛዬን ጥይት ከአዲስ ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ስናየው ማጠሩ በዓይን ይታወቅ ነበር። እናንተም እንዲሁ እያቆማችሁ አስተያዩ። ካጠረ አትተኩሱት፤ ልምምድ ቦታው ወስዳችሁ እንዲያስወግዱት ስጧቸው።

ፎርቲ ፋይቭስ (0.45 ኢንቹ)? የአሜሪካ ጦር እስከ 1985 ድረስ ታጥቆታል፤ ጥሩ ጥይት ነው። ግን ጥይቱ ከፎርቲውም ውድ ነው፣ ካዝናውም ጥቂት ነው የሚይዘው። ለደመወዝተኛ አይመከርም።

ፎርቲ የምመክረው ድርጅቱ ሽጉጡንም ጥይቱንም ከሰጣችሁ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ግሎክ 23 (ፎርቲውን) ገዝታችሁ ከሆነም አትሽጡት፤ ያከስራችኋል። ልኩ የሆነ የ9 ሚሊ መቀየሪያ አፈሙዝና የግሎክ 19 ካዝና ግዙለት። በርካሹ ጥይት ተለማመዱበት፤ ለሥራ ስትወጡ ግን የራሱን አፈሙዝ መልሱለት።