በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ለምትገጣጥሙ፦ ስማቸው ተቀይሮ ከሚሸጡ ግራፊክስ ካርዶች ተጠንቀቁ

በውስን ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ራሳችሁ ለመገጣጠም ዕቃ እያፈላለጋችሁ ከሆነ፣ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ 4 ጊጋባይት» ተብለው ከተለመደው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሒሳብ የሚቀርቡ ግራፊክስ ካርዶችን (የጌሙን ምስል የሚሠሩትን የኮምፒውተር ክፍሎች) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። በኢንተርኔት ከሚሸጡት ከእነዚህ ካርዶች መካከል ስማቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ሌላ የሆኑ አሉ።

ማጭበርበሩ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። በ2010 እና በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረቡት እንደ ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያሉ ያረጁ ካርዶች ይሰበሰቡና ባዮሳቸው፣ ማለትም የካርዱን ማንነት ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ተቀይሮ፣ አዲስ ማራገቢያ ተገጥሞላቸውና አዲስ ካርቶን ውስጥ ገብተው ይሸጣሉ፤ ዊንዶውስም ባዮሱ የነገረውን ስም ተቀብሎ በ2016 የወጣ ካርድ እንደተሰካበት አድርጎ ያሳያል። እውነተኛው 1050 ቲአይ ምስሉን የሚያሰሉ 768 ኮሮች ሲኖሩት አሮጌዎቹ ያላቸው 192 ብቻ ነው። የሚሞሪው ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ባዮሱ 4 ጊጋባይት ቢልም ቦርዱ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ጌሙ ከዚያ በላይ መጠቀም ሲጀምር ምስሉ ይበላሻል ወይም ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ቀላል ሥራ ላይ ግን ምንም ችግር አይታይበትም። ስለዚህ ገዢው ጥፋቱን አንዴ በጌሙ፣ አንዴ በዊንዶውሱ እያሳበበ ሲደክም ዕቃ የመመለሻው ጊዜ ያልፋል፤ ሻጩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የካርዱን የኋላ መሰኪያዎች ፎቶ ጠይቁ። የእነዚህ ካርዶች ቺፕ አምራች የኒቪዲያ 10 ተከታታይ ካርዶች፣ 1050 ቲአይም ጭምር፣ የአናሎግ ምልክት ስለማያወጡ፣ 1050 ቲአይ በተባለ ካርድ ላይ ሰማያዊውን ባለ 15 ቀዳዳ የቪጂኤ መሰኪያ ካያችሁ ልትጠራጠሩ ይገባል። «ለአሮጌ ሞኒተርም ይሆናል» ተብሎ እንደ ተጨማሪ ጥቅም የሚቀርበው ይህ መሰኪያ ዋነኛው አጋላጭ መሆኑ ያስገርማል። ሻጩ ስለ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር ስለሚያሠራው ፕሮግራም) «አብሮ የመጣውን ሲዲ ብቻ ተጠቀሙ፣ ድራይቨሩን አታድሱ» የሚል ከሆነም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኒቪዲያ ለእነዚያ አሮጌ ካርዶች መደበኛ የድራይቨር ማሻሻያ ማውጣት በ2018 ስላቆመ፣ አዲሱ ድራይቨር አይሠራባቸውም። ካርዱ እጃችሁ ከገባ ደግሞ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ከ2018 ወዲህ የወጡት ዕትሞቹ ባዮሱ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ቺፑን ለይተው ስለሚያዩ፣ ሐሰተኛ ካርድ ሲያገኙ ስሙ ላይ ማስጠንቀቂያ ያክሉበታል።

ሕጋዊ ሆኖም የሚያሳስት አለ። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በአንድ ስም በሁለት ዓይነት ሚሞሪ የሚሸጥ ሲሆን፣ ባለ ጂዲዲአር5ው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ በ2018 የመጣው ባለ ዲዲአር4 የሚያስተላልፈው 16.8 ብቻ ነው። ይህኛው የአምራቹ ሥራ ስለሆነ ሻጩን መክሰስም አይቻልም፤ የሚሞሪውን ዓይነት ራሳችሁ አይታችሁ መግዛት አለባችሁ።

ሐሰተኛው ካርድ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላዩንም ያስቸግራል። እውነተኛው 1050 ቲአይ 75 ዋት የሚበቃው ሲሆን 550 ቲአይ ግን እስከ 116 ዋት ይወስዳል፤ በጀታቸው የጠበበ ገዢዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥቡት ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትታችሁ በራሱ በዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ፣ «500 ዋት» ተብሎ በ12 ቮልት መስመሩ 18 አምፒር ብቻ የተጻፈበት ዕቃ ለእነርሱ የሚሰጠው 216 ዋት ነው።

ስለ ፕሮሰሰር የምለው አጭር ነው፤ «ኮር አይ7» የሚለው ስም ያለ ትውልዱ (የወጣበት ዘመን) ምንም አይነግራችሁም። የ2011ዱ አይ7 2600 እና የ2022ቱ አይ3 12100 ሁለቱም ባለ 4 ኮር ሲሆኑ፣ ፈጣኑ አይ3 ተብሎ የተጠራው ነው።

ሐሰተኛውን ካርድ ገዝታችሁ ከሆነ የጂፒዩ-ዚን ማሳያ ፎቶ ከሻጩ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ጋር አስቀምጣችሁ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ አቤቱታችሁን በገዛችሁበት የኢንተርኔት ገበያ በኩል አቅርቡ። ሻጩ «ከፊሉን ገንዘብ ልመልስና ካርዱን ያዙት» ቢል አትቀበሉ፤ ቀሪው ገንዘብም ቢሆን ለዚያ ካርድ የማይገባ ዋጋ ነው።