የእይታ ችግር ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህችን መምህርት እወቋት

እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት። እኔ ስንከራተት እንዲህ ያለ ጥቆማ የሚሰጠኝ አላገኘሁም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ልጄ አልቢኒዝም አለበት፤ ማለትም ከተወለደ ጀምሮ ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ነገር ያንሰዋል። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። ሰው ቆዳውንና ፀጉሩን ብቻ ያያል፤ ትልቁ ጣጣ ግን ዓይኑ ላይ ነው። ዓይኑ አይረጋም፣ ብርሃን ይወጋዋል፣ ራቅ ያለ ነገር አይለይም። መነጽር ያግዘዋል እንጂ ችግሩን አያጠፋለትም።

ትምህርት ቤት ስንፈልግ ያየነውን መከራ እኔና አባቱ ነን የምናውቀው። አንዱ ጋ ገና ከበር ሲያዩት «ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ የሚሆን መምህር የለንም» ብለው መለሱን። ሌላው ጋ ተቀበሉት። የወር ክፍያችንን አንድ ቀን አያሳልፉም፤ ደብተሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነበር። ስጠይቅ «ልጁ ሰነፍ ነው፣ አይጽፍም» አሉኝ። ሰነፍ! ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ምኑን ይጽፋል? ቤት የቀጠርነው አስጠኚ ደግሞ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶለት ይሄዳል። «ለልዩ ፍላጎት ልጆች የተዘጋጀ» ተብሎ በውድ ዋጋ የተሸጠልን ታብሌትም ሲከፈት ውስጡ ጨዋታ ብቻ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህችን የልዩ ፍላጎት መምህርት ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤት መጥታ ልጁን አጫወተችውና «ክፍሉን ሳላይ ምንም አልልም» አለች። ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር አሁን የሚማርበት ትምህርት ቤት ሄድን።

እስከዚያ ሁሉም ሰው የሚለው «ፊት አስቀምጡት» ነበር። እሷ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈችና ወደ ልጄ ዞረች። «የኔ ጎበዝ፣ አንተ ንገረኝ። የት ስትቀመጥ ይሻልሃል?» አለችው። እሱን የጠየቀ ሰው እኮ አልነበረም! ከወንበር ወንበር እየተዘዋወረ ሞከረ። እሷም አብራው እየተቀመጠች፣ በእሱ ቁመት ዝቅ ብላ ታያለች። ለካ የፊተኛው ቦታ ከሁሉም የባሰ ነው! የመስኮቱ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ሰሌዳውም ያንጸባርቅበታል። ወደ ግድግዳው በኩል፣ መስኮቱ ከኋላው ሲሆን «እዚህ ጥሩ ነው፣ ግን ጽሑፉ አሁንም አይነበበኝም» አላት። «እሱን ለእኛ ተወው፤ የእኛ ሥራ ነው» አለችው። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ሁሉ ዘርዝሬ አልችለውም፤ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም። ያንኑ የጨዋታ ታብሌት አጽድታ መማሪያ አደረገችው። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል፣ የፈለገውን ያህል የሚጎላ። የመማሪያ መጻሕፍቱን ፒዲኤፍ ጫነችለት። የሰሌዳውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እንዴት እንደሚያጎላው አሳየችው። ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባል ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ በነፃ ነው የሚገኘው። አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውራን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ነው ስትለው ልጄ ፊቱ በራ።

ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ «ለአንድ ልጅ ብለን ደንብ አንሽርም፤ ስልክና ታብሌት ክልክል ነው» ብለው ነበር። እሷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ታብሌቱ ሲም ካርድ እንደሌለው አሳየቻቸው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳጸደቀች፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት እንደሆነም በትህትና አስረዳች። ፈቀዱ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ከመምህራኑ ጋር የሠራችው ነው። የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ጻፉ አለቻቸው። ትምህርቱ የሚታይም፣ የሚሰማም፣ የሚነካም ይሁን፤ ልጁ ያወቀውን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ያሳይ አለቻቸው። ፈተናው በትልልቅ ፊደል ይታተማል፣ ትርፍ ሰዓትም ይሰጠዋል። የክፍል ኃላፊዋ ራሷ «ከኋላ የሚቀመጡትም አሁን ይከታተሉኛል፤ ለካ ብዙ ልጅ ነበር ሰሌዳው የማይታየው» አለችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ልጄ አሁን ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣል። ማታ ማታ ለአያቱ ከአማርኛ መጽሐፉ ተረት ያነብላቸዋል። የእሳቸውም ዓይን ደክሟል፤ ስልካቸው ላይ ፊደሉን ያጎላላቸው እሱ ነው። እማማ ይኸው ለጎረቤት ሁሉ ያሳያሉ።

ወላጆች፣ እባካችሁ አትጠብቁ፤ ደውሉላት። የትምህርት ቤት ባለቤቶችና ርዕሳነ መምህራን፣ እናንተም ጥሯት፤ መምህራኖቻችሁን በደስታ ታሠለጥናለች። ክፍያዋ አይጎዳም፤ አቅም ለሌለውም ታስተካክላለች። ደግሜ እላለሁ፣ ደውሉላት! አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ ትመጣለች። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ቀጠሮ በክረምቱ ብትይዙ ይሻላል። መስከረም ላይ ወረፋ ይበዛባታል።