ሜሞሪ ፎም ፍራሽ ለወገብ፣ በአዳማ ሙቀት እንዴት ነው?

ፍራንኮ አካባቢ ካለ ፍራሽ ቤት ሜሞሪ ፎም ገዝቼ ያየ ሁሉ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ከአዳማ አዲስ አበባ ስመላለስ ውዬ ማታ መሃሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ላይ ነበር የምጋደመው፣ ጠዋት ወገቤ እስኪፍታታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ማለት ግድ ነበር። አሁን እሱ ቀርቷል። ቀን ረጅም ከነዳሁ ግን ማታ አሁንም ይሰማኛል፣ ስለዚህ ሻጩ "ጋሼ ይሄ ዲስክ ያድናል" ሲላችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉት። ህመሙ እግር ድረስ ወርዶ የሚያደነዝዘው ወይ ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ ፍራሽ ሳያማርጥ ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ።

ፎሙ በ1966 (በፈረንጆቹ) ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ ነው የተሰራው። የሰውነት ሙቀትና ክብደት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ትከሻና ዳሌ ትንሽ ሰመጥ ሲሉ ወገብ ስር ያለው ክፍተት ይሞላል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያውቀዋል።

እናቴ "ለወገብ ጣውላ ላይ ተኛ" ትለኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምትሰራዋ የእህቴ ልጅ ግን ስፔን ውስጥ 313 ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ የተሰራና በ2003 (እሱም በፈረንጆቹ) ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገረችኝ፣ ከጠንካራ ፍራሽ ይልቅ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ላይ የተኙት ናቸው የተሻላቸው። ጥናቱ ስለ ሜሞሪ ፎም አይደለም፣ ስለ ጥንካሬው ነው፣ ግን ስትመርጡ ይጠቅማችኋል።

አሁን የአዳማ ነገር። ይሄ ፎም ሲሞቅ ይለሰልሳል ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ልክ የሆነው ፍራሽ እዚህ ግንቦት ላይ እንደ ገንፎ ሊውጣችሁ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ጠዋት በቀዝቃዛው ሞክራችሁ "ትንሽ ጠነከረብኝ" ካላችሁ እሱን ውሰዱት። ሙቀትም ይይዛል፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ላብ በላብ ሆና ልትመልሰው ነበር፣ የጥጥ አንሶላና ማራገቢያ ነው ያስታረቀን። ላስቲክ ነገር ከላይ እንዳታለብሱት!

ስትገዙ በእጃችሁ ተጫኑት፣ እውነተኛው የእጃችሁን ቅርጽ ትንሽ ይዞ ነው ቀስ ብሎ የሚመለሰው፣ ወዲያው ዘሎ ከተነሳ ስሙ የተለጠፈበት ተራ ስፖንጅ ነው። ዴንሲቲውንም (የፎሙን እፍጋት) ጠይቁ፣ በሜትር ኩብ 50 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነው ቶሎ አይጎደጉድም፣ ከብዶም ይታወቃል። ጫማ አውልቃችሁ በምትተኙበት ጎን ተጋደሙበት፣ ሳይተኙበት ቆሞ በዓይን ብቻ አይቶ መግዛት ዋጋ የለውም። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ይጥቆር፣ ዋጋው ከተራው በጣም ይበልጣል።

ሲፈታ ሽታ አለው፣ መስኮት ከፍታችሁ ጥቂት ቀን ተውት። እንደ ድሮው ፍራሽ ግን ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ፎሙን ይጎዳዋል፣ ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ውሃም አይወድም። አልጋችሁ ርብራቡ የተሰበረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አናጺ ጥሩ፣ አለዚያ አዲሱም መሃሉ ይጎደጉዳል።