የአሉሚኒየም ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀለሙን አትመኑ

አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ለማደስ ያሰበ ሰው ካለ፣ ብር ከማስተላለፉ በፊት ይቺን ያንብባት። እኔ 140 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ሐይቅ የለንም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ዝዋይ ወርደን ቆሮሶ ማጥመድ እንወዳለን፤ የሰው ጀልባ መለመን ሰለቸን። ጥር ላይ አንድ ደላላ ደወለ። «ጋሼ፣ የውጭ ድርጅት ጥሎት የሄደ ጀልባ አለ። አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግ፣ አይበሰብስ።» ሄድን። ከቃሊቲ አለፍ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ይሆናል። እስቲ ውሃ እናድርግበት ስል ሻጩ «ቀለሙ ገና ነው፣ ይበላሻል» አለኝ። ውሃ ላይ ሊውል የተሠራን ዕቃ ውሃ እንዳይነካው የሚሳሳ ሻጭ! ያኔ መሄድ ነበረብኝ። ልቤ ግን ዝዋይ ደርሷል። ከፈልኩ፤ በኢሱዙ አስጭነን አመጣነው።

ጉዱን ያወጣው ዝናብ ነው። ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ሲወርድ አደረ። ጠዋት ጀልባውን ቆሬ ይዞ አገኘዋለሁ ብዬ ስወጣ ባዶ ነው። የማፍሰሻው ውታፍ እንደጠበቀ አለ። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሳይ፣ አፈሩ በመስመር በመስመር ተቦርቡሯል፣ ልክ እንደ ጣሪያ ጠፈጠፍ። መስመሩ ከሪቬቶቹ፣ ማለትም ላሜራውን ከላሜራ አያይዘው ከያዙት ሚስማሮች፣ መስመር ጋር አንድ ነው።

ገልብጠን መፋቅ ጀመርን። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። አሉሚኒየም ሳይጸዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻከር፣ ለእሱ የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ሳይቀባ ቀለም አይይዝለትም። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ ያው ገራዥ ለተጋጨ መኪና የሚለስኑት። አንዱ ቦታ ላይ የጣት ውፍረት ነበረው። ከስቱኮው ሥር ደግሞ ስንጥቅ።

«አይዝግም» ያለኝ ግማሽ እውነት ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ግን ብረት ወይም መዳብ አስነክታችሁ ውሃ ካገኘው ይበላል። የቀድሞው ጠጋኝ ተራ የብረት ብሎን አስሮበት፣ በየብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ወጥቷል። በጣቴ ስጫነው ላሜራው ተፈረፈረ። ሞተር የሚታሰርበት የኋላው ኮምፐንሳቶ ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ቢላ ሳስገባበት ግን እጀታው ድረስ ገባ። እንደዚያ እንዳለ ሞተር ቢታሰርበት፣ ሐይቁ መሃል ተገንጥሎ ይቀር ነበር። ወንበሩ ሥር የተሞላው ስፖንጅም ውሃ ጠጥቶ ጀልባውን አክብዶታል፤ ሁለት ሆነን ነው ያወጣነው።

ሁለተኛው ስህተቴ በያጁ ነው። «ችግር የለም» አለና በተራው የብረት ኤሌክትሮድ ጀመረው። ስንጥቁን ሊደፍን መጥቶ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ጨመረልኝ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ይፈሳል። አርጎን ጋዝ ያለው፣ አሉሚኒየም የለመደ በያጅ ፈልጉ። ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት በቁራጭ ላይ በይዶ ያሳያችሁ።

ሪቬቱን ግን ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። የላላውን አንዱ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ይደግፍለታል፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታዋል። የሚቀየረውን ለአሸንዳ በሚሸጠው ሪቬት አትቀይሩ። መሃሉ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ያስገባል፤ ጫፉ ድፍን የሆነውን ጠይቁ። ለማጽዳት ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ የሚላችሁ አይጠፋም። አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል፣ እንዳትሞክሩት።

ልትገዙ ስትሄዱ ቢላና ውሃ ያዙ። ጀልባውን ከመሬት ከፍ አስደርጉና ወለሉን አራት ጣት ያህል ውሃ አልብሱት። አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ዘንበል እያደረጋችሁ፣ ከሥር የሚንጠባጠበውን ቦታ በማርከር አክብቡ። እስከ አፉ እንዳትሞሉት፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ነው፣ ደህናውንም ያጎብጠዋል። ጎኑን በጣት አንኳኩት፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ያልተቀባ፣ የተቧጨረ፣ አስቀያሚ ጀልባ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ቢያንስ የምትገዙትን ታያላችሁ።

ለሻጩ ስደውል «አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ ዘጋብኝ። ውል ላይ የጻፍነው «አንድ ጀልባ» ብቻ ስለሆነ ምን ብዬ ልሟገት? እናንተ «ውሃ የማያስገባ» የምትለዋን ቃል አስገቡ።

ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ ለሥራ ባልደረባዬ ደውሎ «የውጭ ድርጅት ጥሎት የሄደ ጀልባ አለ» ብሎታል። ይሄኛው አረንጓዴ ነው አሉ። ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ። አሥር ጀሪካን ውሃ ከእኔ ነው።