እንትን ስንት ነው? ልጄን አልጀብራ ላስተማሩልኝ ጋሼ ምስጋና

ባለፈው ረቡዕ ልጄን ከትምህርት ቤት መልስ 500 ብር ሰጥቼ ጉሊት ላክኋት። 3 ኪሎ ሽንኩርትና የ50 ብር ቲማቲም ይዛ መጣች። መልሱ 180 ብር ነው። «ሽንኩርቱ ኪሎው ስንት ገባ?» አልኳት። ዋጋውን ልብ አላለችውም። ግን ምንም አልተጨነቀችም። እስክሪብቶ አነሳችና የኪሎውን ዋጋ «ሀ» ብላ የካርቶን ቁራጭ ላይ እንዲህ ጻፈች።

3ሀ + 50 = 320

«50ውን ከሁለቱም ጎን ላንሳ። 270 ይቀራል። ለሦስት ሲካፈል ዘጠና። ዘጠና ብር ነው እማ።» በዚህም አላበቃችም። 3 ጊዜ 90፣ 270። 50 ሲጨመርበት 320። ከ500 ላይ ሲነሳ 180። ልክ ነው። ከዚያ ቢላዋ አምጥታ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ የመጣው በሽንኩርቱ አልነበረም።

ይቺ ልጅ እኮ ጥቅምት ላይ የሂሳብ ፈተና ወረቀቷን ፍራሽ ስር ደብቃ ያገኘኋት ልጅ ናት። በመሃል ጋሼ ገቡ። ዛሬ እሳቸውን በአደባባይ ላመስግን። ልጅ ያላችሁ የጀሞና የአካባቢው ሰዎችም እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ችግሩን ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤት ያለ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ አብዛኞቹ ልጆቻችን እስከ 6ኛ ክፍል ሂሳብን በአማርኛ ይማራሉ። 7ኛ ላይ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ የሚለው ይህንኑ 7ኛና 8ኛን ነው። ፊደልና ቁጥር የሚቀላቀሉትም እዚያው በር ላይ ነው። ቋንቋው አዲስ፣ ኤክስም አዲስ። ሁለቱ ባንዴ ሲመጡባት ልጄ ዝም አለች። ቤት ውስጥ የምትለፈልፍ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት አቆመች።

ስሕተቶቿን አሁን ሳስታውሳቸው ይገቡኛል። 3ኤክስ ሲደመር 2 ሲሏት «5ኤክስ» ትላለች። ኤክስ 4 ከሆነ 2ኤክስ ስንት ነው ሲሏት ደግሞ «24»። እሷ ምን ታድርግ? እስከዚያ ቀን 2 እና 4 ጎን ለጎን ሲጻፉ 24 ነበሩ። አሁን ድንገት ማባዛት ሆነ። ይህን ረጋ ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

አስጠኚ ቀጠርንላት። ትሑትና ጎበዝ ወጣት ነበር። ግን የሰጣት ነገር አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ «ማዶ ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል።» ፕላስ ከሆነ ማይነስ፣ በቃ። እኔም በተማሪነቴ የሸመደድኩት ይህንኑ ነው። ልጄ 3ኤክስ = 12 ሲሰጣት 3ቱን አሻገረችና 12 − 3፣ «9» ብላ መለሰች። ሕጉን ተከትላለች። 3ቱ ኤክስን እያባዛው እንጂ እየተደመረበት እንዳልሆነ ግን ሕጉ አልነገራትም።

ጋሼን ያገኘኋቸው በጎረቤቴ በኩል ነው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እዚሁ ኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል (የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ ልጆች ያስጠናሉ። የመጀመሪያው ቀን አብሬያት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ አላስከፈቱም። «እንቆቅልሽ» አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልዎ!»

«አንድ ቁጥር በሆዳችሁ ያዙ። በ2 አባዙት። 10 ጨምሩበት። ለ2 አካፍሉት። አሁን መጀመሪያ የያዛችሁትን ቀንሱ።» ትንሽ ጠበቁና «ሁላችሁም ጋ 5 ቀርቷል» አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተለያየ ቁጥር ይዘው ሁሉም ጋ 5 ነው የቀረው።

«የያዛችሁትን ቁጥር እኔ አላውቀውም። ግን ስም ልሰጠው እችላለሁ። የማናውቀውን፣ ስሙ የጠፋንን ነገር ምን እንለዋለን?» አንዱ ልጅ «እንትን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ግን «ትክክል! እንትን» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። በእንትን ጀመርን። ሲባዛ 2 እንትን። ሲጨመርበት 2 እንትን እና 10። ለሁለት ሲካፈል አንድ እንትን እና 5። እንትን ሲወጣ 5። እንትን ማንም ይሁን ማን 5 ይቀራል። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ያን ፊቷን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ለሁለት ሳምንት እንትን ነበር። ከዚያ «ለመጻፍ ረዘመ አይደል?» ብለው ወደ ሀ አሳጠሩት። ኤክስ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈራ አልነበረም፤ የእንትን ሌላ ስሙ ነው።

አንድ ቀን ይህን ዘዴ ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅኳቸው። «የኔ አይደለም ልጄ» አሉኝ። በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ ፕላስም ኤክስም አልነበረውም። ሁሉንም በቃላት ነው የጻፈው። የማይታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ይለው ነበር፤ በዓረብኛ «ነገር» ማለት ነው። አልጀብራ የሚለውም «አል-ጀብር» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የጎደለውን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚያው ቃል ይጠራል። «ወጌሻ በይው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ቤት ሥራ ሲሠሩ «እስቲ ወጌሻ እንሁን» ይላሉ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ፤ ልጄን ያዳናት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ጋ ሁለት ሳህን ያለው የድሮ የሱቅ ሚዛን አለ። በአንዱ ሳህን ሦስት የታሰሩ ጥቁር ፌስታሎችና ሁለት ብይ አስቀመጡ። በሌላው 14 ብይ። ሚዛኑ እኩል ቆመ። በእያንዳንዱ ፌስታል ውስጥ እኩል ብይ አለ፤ ስንት ነው? መፍታት ክልክል ነው።

አንዷ ልጅ ከግራ ሁለቱን ብይ አነሳች። ሚዛኑ ጋደለ። «አበላሸሽው፣ አሁን ምን ይሻላል?» ልጅቷ ከቀኝም ሁለት አነሳች። ተስተካከለ። ሦስት ፌስታል ከ12 ብይ ጋር እኩል ነው። ልጄ ተነሳችና 12ቱን ብይ ሦስት ቦታ ከፈለቻቸው። አራት አራት። ፌስታሉን ፈቱት። አራት ብይ።

ሰሌዳው ላይ 3ሀ + 2 = 14 የተጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። እኩል ይሆናል የሚለው ምልክት «መልሱ ይኸው» ማለት እንዳልሆነ፣ የሚዛኑ መሃል እንደሆነ፣ ልጆቹ በዓይናቸው አዩት። እኔም አየሁት። ጋሼ ጋ «ይሻገራል» የሚባል ቃል የለም። «ከሁለቱም ጎን ምን አደረግሽ?» ነው የሚባለው። 3ሀ = 12 ሲመጣ ልጄ ሦስቱን ልታሻግር አልሞከረችም። ሦስት ፌስታሎች ታይተዋታል።

ሚዛኑ የማይሠራበት ቦታ እንዳለም ራሳቸው ይናገራሉ። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሚዛን ላይ አይቀመጥም። ያኔ ወደ ሱቅ ይወስዷቸዋል። ልጄ በጣም የምትሳሳትበት ነገር ከቅንፍ በፊት ያለ ማይነስ ነበር። 100 − (ሀ − 20) ሲሰጣት ሁልጊዜ 80 − ሀ ትል ነበር። ጋሼ ምን አሉ? «100 ብር ይዘሽ ቦርሳ ልትገዢ ሄድሽ። ዋጋው ሀ ነው። ባለሱቁ 20 ብር ቀነሰልሽ። ኪስሽ ውስጥ ስንት ቀረ?» አሰበች። «የቀነሰልኝ 20 እኔ ጋ ነው የሚቀረው!» አለች። ስለዚህ 120 − ሀ። ቦርሳው 70 ቢሆን ብለው አሞከሯት። 50 ከፈለች፣ 50 ቀራት። 120 ላይ 70 ሲነሳም 50። በድሮው መልሷ ግን 10 ብር ብቻ ይቀራት ነበር። «የኔን 40 ብር ማን ወሰደው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ማይነስ አልሳተችውም።

ሁለት ነገር ደግሞ ቶሎ ልጨምር። ጋሼ «3ሙ ማለት ሦስት ሙዝ ነው» የሚባለውን አይወዱትም። ሙ የአንድ ሙዝ ዋጋ ነው፣ ቁጥር ነው፤ ሙዙ ራሱ አይደለም። ሌላው ደግሞ ኤክስፕሬሽንና ኢኩዌሽንን የለዩበት መንገድ ነው። 3ሀ + 2 «የጎረቤቴ ልጅ» እንደማለት ነው፤ ስም ብቻ ነው፣ ምንም አልተነገረም። 3ሀ + 2 = 14 ግን «የጎረቤቴ ልጅ መጣች» ነው። እውነት ወይም ውሸት ሊሆን ይችላል። እውነት የሚያደርገውን ሀ መፈለግ ነው ሥራው።

የእንግሊዝኛውንም ጣጣ አልዘነጉትም። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲባል 5 ቀድሞ ስለሚሰማ ልጆች 5 − ኤክስ ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ መጀመሪያ በአማርኛ ያስብሏቸዋል፦ «ከኤክስ በ5 የሚያንስ።» አማርኛው ኤክስን ያስቀድማል። ኤክስ − 5። ልጄ አማርኛዋ እንቅፋት ሳይሆን መሰላል ሆነላት። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ውጤቷ ተሻሻለ፤ ከ20 16 አመጣች። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መልሷን መልሳ ማረጋገጧ ነው። ጋሼ ያልተረጋገጠ መልስ አያርሙም። «ሀን መልሰሽ ክተቺውና ራሱ ይናገር» ይላሉ። እናም ልጄ ልክ መሆኗን ለማወቅ የማንንም ፊት አታይም።

ለማን እንደሚሆኑ በግልጽ ልንገራችሁ። ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሁለት ሳምንት ሲቀር በሩጫ የሚያስጠና ሰው ከፈለጋችሁ ጋሼ አይሆኑላችሁም። ቀስ ይላሉ። አንድ ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆዩበትን ቀን አይቻለሁ። የቤት ሥራ አይሠሩም፤ ልጁ የት ጋ እንደቆመ ጠይቀው እዚያው ይተዉታል። ከስምንት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም። ማርፈድ ያናድዳቸዋል፤ እናትና አባትንም ይቆጣሉ። ግን ልጃችሁ ሂሳብ ሲነሳ ፊቱን የሚያዞር ከሆነ፣ «እኔ አይገባኝም» ማለት ከጀመረ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። 7ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ክረምቱን እሳቸው ጋ ቢጀምር እድለኛ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ደብተርና እርሳስ ብቻ አስይዙ። እርሳሱ ላጲስ ያለው ይሁን።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ያን የካርቶን ቁራጭ አልጣልኩትም፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅዳሜ ስንመጣ ልጄ ራሷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዘን እንመጣለን። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ያድልልን።