እስከ ገና የሚቆይ የበር ጉንጉን ለመሥራት፦ የሽቦ ቀለበት፣ የወይን ሐረግ ወይስ ገለባ?

«የአበባ ጉንጉን» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ሥር የሚቀመጠው ነው። እናቴም ሜሪላንድ በመጣች ጊዜ የጎረቤቶቻችንን በሮች አንድ በአንድ አይታ «በዚህ ሰፈር ምን መዓት ወረደ?» ብላ ጠይቃኛለች። በአሜሪካ በኖቬምበር መጨረሻ ከሚከበረው የምስጋና በዓል (ታንክስጊቪንግ) ማግሥት ጀምሮ በየበሩ የሚሰቀለው ክብ ጉንጉን ግን የገና ጌጥ ነው። ጎረቤቶቻችን ዲሴምበር 25ን አክብረው አዲሱ ዓመት እንደ ገባ ያወርዱታል፤ እኛ ግን እስከ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ እንድናቆየው ግድ ይለናል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ የተሠራ ጉንጉን ከ40 ቀን በላይ ሳይረግፍ መክረም አለበትና፣ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው ቀለበቱ ነው። ፎም የሚባለውን ነጭ ቀለበት ለጨርቅ አበባ እንጂ ለእርጥብ ቅርንጫፍ ስለማይመች ወደ ጎን ትቼዋለሁ።

የሽቦ ቀለበት ርካሽና ቀላል ነው፤ ዝናብም ሆነ በረዶ አያበላሸውም፤ ሙሉ በሙሉ በቅጠል ስለሚሸፈንም መልኩ አያሳስብም። 36 ኢንች ስፋት ላለው የተለመደ በር 14 ኢንች የሆነው ይበቃል፤ ቅርንጫፉ ሲታሰርበት ወደ 22 ወይም 24 ኢንች ያድጋልና። ይህን ሳያስቡ 24 ኢንች ቀለበት የሚገዙ ሰዎች የኋላ ኋላ የበሩን እጀታ የሚሸፍን ጉንጉን ይዘው ይቀራሉ። አሠራሩ የጎጆ ክዳን ያየ ሰው በቶሎ የሚገባው ነው። አንድ ስንዝር ያህል የሆኑ አራት ወይም አምስት ቅርንጫፎች በአንድ እስር ተደርገው ቀለበቱ ላይ ይጋደማሉ፤ ቀጭኑ ሽቦ ሳይቆረጥ ግንዳቸውን ሦስት ጊዜ አጥብቆ ይዞራል፤ ቀጣዩ እስር ደግሞ የፊተኛውን ማሰሪያ እየሸፈነ ይደረባል፤ የመጨረሻው እስር ግንድ በመጀመሪያው ቅጠል ሥር ይገባና ይሰወራል። ሽቦው ከላላ ቅርንጫፉ ደርቆ ሲኮማተር እስሩ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጣት እስኪያም ድረስ መሳብ ያስፈልጋል።

የወይን ሐረግ ቀለበት ራሱ ጌጥ በመሆኑ ግማሹ ባዶ ቢተውም ያምራል። ቅርንጫፉ ያለ ሽቦ በሐረጉ መሐል ስለሚሰካ ለጀማሪም ይቀላል፤ በየወቅቱም ይለዋወጣል። በመስከረም ቢጫ አበባ ቢሰካበት ለእንቁጣጣሽ ይሆናል፤ በምሥራቅ አሜሪካ በዚያው ሰሞን የሚያብብ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቢጫ የዱር አበባም አለ፣ ምንም እንኳ ተቆርጦ ብዙ ባይቆይ። ለገና ግን ችግር አለበት፤ የተሰካው ቅርንጫፍ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ነፋስም እየነቀለ ይወስደዋል።

የገለባ ቀለበት ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን፣ እንደ ፀጉር መርፌ በታጠፉ ፒኖች ቅጠል እየሰኩበት በፍጥነት ይጨረሳል። ዝናብ ካገኘው ግን ይሻግታል፤ በረንዳው ጣሪያ ለሌለው ቤት አልመክረውም።

ለገና ብቻ የሚገዛ ሰው ሽቦውን ይውሰድ፤ ዓመቱን ሙሉ በሩን ማስጌጥ የሚፈልግ ደግሞ ሐረጉን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

ከቀለበቱ ይልቅ የጉንጉኑን ዕድሜ የሚወስነው ቅጠሉ ነው። ከኦሪገን የሚመጣው ኖብል ፈርና ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች የሚመጣው ፍሬዘር ፈር የተባሉት የገና ዛፍ ዓይነቶች ቅጠላቸውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ በቀዝቃዛ አየር ውጭ ከተሰቀሉ አርባውን ቀን ለማድረስ ተስፋ የሚጣልባቸው እነዚህ ናቸው። ስፕሩስና ሄምሎክ ቶሎ ስለሚረግፉ ቢረክሱም አይግዙ። ብዙ የገና ዛፍ ሻጮች ከዛፉ ሥር ቆርጠው የሚያስወግዱትን ቅርንጫፍ ለጠየቃቸው በነጻ ይሰጣሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንገድ ዳር የሚበቅለውና «ሬድ ሲዳር» የሚባለው ዛፍ ደግሞ ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ቅጠሉ እጅ ይወጋል፣ ነገር ግን ሽታው የልጅነት ገናችንን ስለሚያመጣ እኔ ሁለት ሦስት ዘለላ ሳላስገባ አልቀርም። ቦክስዉድ የሚባለው የአጥር ቁጥቋጦ ውብና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ የታወቀ የፈንገስ በሽታው በጉንጉን ስለሚተላለፍ፣ ግቢው ውስጥ ቦክስዉድ የተከለ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

ማስጌጫውን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የጥድ ፍሬ በሙቅ ሙጫ አይለጠፍ፣ በሽቦ ይታሰር። የመጀመሪያው ጉንጉኔ ላይ ዘጠኝ ፍሬ ለጥፌ ነበር፤ ቅዝቃዜው በበረታ በሦስተኛው ጠዋት በሩን ስከፍት ሰባቱ ደጃፉ ላይ ተንከባለው አገኘኋቸው።

የበሩም ዓይነት ምርጫውን ይለውጣል። ከዋናው በር ፊት የመስታወት በር ካለና ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ፣ በመሐሉ የሚታመቀው ሙቀት የትኛውንም እርጥብ ቅጠል በቀናት ውስጥ ያነድደዋል፤ ጉንጉኑ ከመስታወቱ ውጭ ይሰቀል ወይም ሰው ሠራሽ ቅጠል ይገዛ። በሩ ወደ ውስጥ ኮሪደር የሚከፈት አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰውም ሰው ሠራሹ ይመረጣል፤ ኮሪደሩ ሞቃት ከመሆኑ በላይ ብዙ ሕንፃዎች ለእሳት ሥጋት ሲሉ ደረቅ ቅጠል በር ላይ እንዳይሰቀል ይከለክላሉና ከመግዛት በፊት አስተዳደሩን መጠየቅ ይገባል።

ከሰቀሉት በኋላ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከጀርባው ውኃ መርጨት ይረዳዋል። ከዲሴምበር 25 በኋላ ቡናማ የሆነ ቦታ ከታየ ጉንጉኑን መፍታት አያስፈልግም፤ ጥቂት አዲስ ቅርንጫፎች ጫፋቸው በሰያፍ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ካደሩ በኋላ በአሮጌው ሽቦ ሥር ይሰካሉ፤ ሪባኑ ይለወጣል፤ ጉንጉኑም ለታኅሣሥ 29 ይደርሳል።