ዲስክ ለሞላባችሁ አቀናባሪዎች፦ አንዲት ልጅ ልጠቁማችሁ

ሙዚቃ የምታቀናብሩ፣ ቤታችሁ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ያላችሁ፣ መዝሙር የምትቀዱ፣ የሰርግ ዘፈን የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህችን ጽሁፍ ሳትሰለቹ አንብቡልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልላት የሚገባኝ አንዲት ልጅ አለች። ለእሷ በግል ብዬዋለሁ። ግን እናንተም ሳታውቋት ብትቀሩ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ ሞላ። 512 ጊጋባይት ነው የሚይዘው። ስገዛው መቼም አይሞላም ብዬ ነበር። የእኛ ሙያ ዕቃ ድሮ ትከሻ ነበር የሚያጎብጠው፣ አሁን ዲስክ ነው። ኦምኒስፊር የሚባለው የሙዚቃ ድምፆች ፕሮግራም ብቻውን 64 ጊጋ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ኪይስኬፕ የሚባለው የፒያኖ ስብስብ 80 ጊጋ ገደማ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ኮንታክት በሚባለው የተቀዱ መሣሪያዎች ማጫወቻ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈቱት ቫዮሊኖች፣ ከበሮዎች፣ የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉ። ማክ ላይ ሎጂክ በሚባለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚሠሩ ጓደኞቼም አላመለጡም፣ የእነሱ ሙሉ ላይብረሪ፣ የድምፅ ክምችቱ ማለቴ ነው፣ 72 ጊጋ ያህል ነው። የኔ ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ ለመቅዳት እንኳ ቦታ የለኝም አለ። ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ የጥር ሰርግ ሥራ ተቀብዬ፣ ቀብድ በልቼ ነው።

የሄድኩባቸውን ቤቶች ስም አልጠራም። እንጀራቸው ነው። ግን ያዩኝን ዓይን አልረሳውም።

አንደኛው ቤት ልጁ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ “ፎርማት ይደረግ” አለ። ፎርማት የአገራችን የኮምፒውተር ጠበል ነው መሰለኝ፣ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። ውስጡ ያለውስ? ብለው “ባክአፕ ይዘሃል አይደል?” አለኝ። ባክአፕ የምይዝበት ቦታ ቢኖረኝ አንተ ጋ ምን አመጣኝ!

ሁለተኛው ቤት የባሰ ነው። ሰውዬው “አጸዳልሃለሁ” አለ። እውነትም ብዙ ጊጋ አስለቀቀ። ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ የሰርጉን ዘፈን ስከፍት ፒያኖው የለም። ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም። ስክሪኑ ላይ ፋይሎቹ አልተገኙም የሚል መስኮት ተደቀነ። በማግስቱ ስመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ትልልቅ ፋይል ነው፣ ስሙም አይገባም፣ ቆሻሻ መሰለኝ።” ቆሻሻ! “ካስፈለገህ ከኢንተርኔት መልሰህ አውርደው” ብሎ ጨመረልኝ። የውጭ አገር ሰዎች ለእርስ በርሳቸው የሚሰጡት ምክር ነው ይሄ፣ አጥፋውና ስትፈልግ አውርደው። እዚህ አገር በሞባይል ዳታ ያን ሁሉ ጊጋ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ከግማሽ የሚቆመውን ሳንቆጥር ነው።

ሦስተኛው ደግሞ 2 ቴራባይት የሚል የተጻፈበት ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ዲስክ) በርካሽ ሸጠልኝ። ሀሰተኛ ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ይይዛል እያለ ይቀበላል፣ የገባው ፋይል ግን ተበላሽቶ ነው የሚገኘው። ደግነቱ ዋናውን ከላፕቶፑ ላይ ገና አላጠፋሁትም ነበር። በዚህ ነገር ብዙ አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል።

ልጅቷን የጠቆመኝ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚቀዳ የሰፈሬ ልጅ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምትሠራው። ሁለት ወንበር ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነች። ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም። እውነቱን ልናገር፣ ስገባ ተስፋ አልነበረኝም።

ላፕቶፑን ስዘረጋላት አንድም ነገር አልነካችም። “ጋሼ፣ አሁን በእጅዎ ያለው ሥራ የትኛው ነው?” አለችኝ። የሰርጉ ነው አልኳት። “እስቲ ይክፈቱትና ያሰሙኝ።”

ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ሰምታ የምትዘጋው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ አነሳች። የጎደለው ፒያኖ ብቻ መሆኑንም ጠየቀችኝ። “ስጨርስ ልክ እንደዚህ መሰማት አለበት፣ ፒያኖው ደግሞ ተጨምሮ” አለች። እኔ በዚህች ቃል ነው የተረታሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮምፒውተሬን ከከፈቱት ሰዎች ሁሉ፣ ውስጡ ሙዚቃ እንዳለ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ቀጥላ ዲስኩን በባለ ቀለም ሳጥኖች የሚያሳይ ነገር ከፈተች። ትልቁ ሳጥን ብዙ ቦታ የያዘው ነው። ትልቁ ምን ሆኖ ተገኘ? ዳውንሎድ ፎልደር። ላይብረሪ ስጭን መጀመሪያ የወረደው ጥቅል እዚያው ተቀምጦ ቀርቷል። የተፈታው ሌላ ቦታ፣ ጥቅሉ እዚህ። አንዱ ዕቃ ሁለቴ። ያ “አጽጂ” የሚፈለገውን አጥፍቶ የሚተርፈውን ትቶልኝ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ ሳቀች። “ይሄ ስህተቱ ጠቅሞናል” አለች። ያጠፋውን ፒያኖ ከዚያው ጥቅል መልሳ ጫነችልኝ። አንድ ሜጋ አልወረደም! ፒያኖው ሲመለስ እጇን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በቃ አሁን ጥቅሎቹን አጥፊያቸው ስላት እሺ አላለችም። “ለውጭ አገር ሰው ይጥፋ እለዋለሁ፣ እርስዎ ግን መልሰው የሚያወርዱት በስንት ጣር ነው” አለች። ርካሹና ቀርፋፋው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠቻቸው። ጥቅል ስለሆነ ፍጥነት አይፈልግም፣ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ አለች። ለሚሠራባቸው ላይብረሪዎች ግን ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ አስገዛችኝ፣ የት እንደምገዛም ነገረችኝ፣ ከገዛሁ በኋላም እውነተኛነቱን ሳትፈትሽ አልተቀበለችኝም። ለምን ኤስኤስዲ እንደሆነ ስታስረዳኝ የገባኝ ይሄ ነው፦ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ድምፅ መነሻ ብቻ ነው አስቀድሞ የሚይዘው፣ የቀረውን ስንጫወት ከዲስኩ እየሳበ ነው። ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል። የቀረውን ማብራሪያ አልያዝኩትም። እሷ ገብቷታል፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ማሲንቆው ልምጣ። ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ከዓመታት በፊት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄ ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት ቤቴ አስቀምጬው ማሲንቆውን ድምፅ በድምፅ ቀድቼዋለሁ። ሌሊት ነበር የምንቀዳው፣ መኪና ሲቀንስ። አንዷን ድምፅ በለስላሳ ደጋን፣ በጠንካራ ደጋን፣ በረጅሙ፣ በአጭሩ። ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል፣ ለአንቺሆዬ የሚሆነውን ሁሉ። አንደኛው ላይ የጎረቤት ውሻ ጮኋል፣ አልቆረጥኩትም፣ ድምፁ ሲያምር ጊዜ ተውኩት። ሰውዬው አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስንደዋወል “ማሲንቆዬ ደህና ነው?” ይለኛል፣ ከልጆቼ በፊት። የውጭዎቹ ላይብረሪዎች ስንት መቶ ቫዮሊን ይዘው ይህን አንድ ጭራ አያወጡም። ያለኝ ኮፒ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

እነዚያ ፋይሎች የት ነበሩ? ከተገዙት ላይብረሪዎች ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በቁጥር ብቻ ተሰይመው። የሚያይ ሰው ቆሻሻ ሊላቸው ይችል ነበር። ልጅቷ ግን ቆም አለች። “ጋሼ፣ እነዚህ ከሌሎቹ አይመስሉም። የራስዎ ቅጂ ናቸው እንዴ?” አንዱን ከፈተችው። ማሲንቆው ጮኸ። አየት አደረገችኝና “እነዚህ ከየትም አይወርዱም” አለች። ከሁሉም በፊት እነሱን ሦስት ቦታ ገለበጠቻቸው። አንደኛው ኮፒ ከቤቴ ውጭ፣ እህቴ ቤት እንዲቀመጥ አዘዘችኝ። አዎ፣ አዘዘችኝ። ከዚያ ጥራታቸው ሳይነካ የሚጨመቁበት መንገድ ኮንታክት ውስጥ እንዳለ አሳየችኝና የምሠራበትን ኮፒ በዚያ ቀነሰችው። ቦታው በጣም ወረደ። ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁት፣ ለውጥ የለውም። ውሻውም አለ።

ላይብረሪዎቹን ወደ ኤስኤስዲው ያዛወረችበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ጎትታ አልወረወረችም። መጀመሪያ ገለበጠች። ቀጥላ በየፕሮግራሙ ገብታ አዲሱን ቦታ ነገረችው። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የቀረውን የድሮ ፎልደር ስሙን ለወጠችው። አላጠፋችውም፣ ስሙን ብቻ። ለምን ስላት “ፕሮግራሙ የድሮውን በስሙ ካላገኘው፣ ከአዲሱ እየሳበ መሆኑን እናውቃለን። ከጎደለ ደግሞ ስሙን መመለስ ነው” አለችኝ። “ይሂዱና የሰርጉን ሥራ ጨርሰው ይምጡ፣ ያኔ እናጠፋለን።”

እኔ የምወደው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ቸኩሎ ጨርሶ ብር የሚቀበለውን ሳይሆን፣ ሄደህ ሞክረው የሚለውን።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ ላይ ኤክስተርናሉ ሌላ ቀን ሲሰካ ዲስኩ የሚጠራበት ፊደል (D፣ E የሚለው) ሊቀየርበት ይችላል፣ ያኔ ላይብረሪው ሁሉ ጠፋ ይላል። እሷ የማይቀየር ፊደል ሰጠችው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ “ሥራ እየሠሩ አይንቀሉ” ብላ ጻፈችበት። አሁንም እንደተለጠፈ ነው።

የራሴ ፕሮጀክቶች ውስጥ ያሉትን ትርፍ ቅጂዎች ግን አልነካችም። ዘፋኝ አሥር ጊዜ ይሞክራል፣ አንዱ ይመረጣል፣ ዘጠኙ ዲስክ ላይ ይቀራል። “ይሄን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አልመርጥም” አለች። በማቀናብርበት ፕሮግራም፣ በኪውቤዝ፣ ውስጥ የት እንደሚታዩ ብቻ አሳየችኝ። የማታውቀውን አልነካም የሚል ባለሙያ በዚህ ከተማ ስንት አለ?

የሰርጉን ዘፈን ሠርቼ፣ አስረክቤ ተመለስኩ። አንድም ድምፅ አልጎደለም። ያኔ ያን ስሙ የተቀየረ ፎልደር ከፈተችና “ይጫኑት” አለችኝ። እኔው ራሴ አጠፋሁት። ላፕቶፑ ላይ ከ200 ጊጋ በላይ ተለቀቀ። ሒሳብ ስጠይቃት ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው የተቀበለችኝ። ለዛሬውስ ስላት “ዛሬ የሠሩት እርስዎ ነዎት” አለች። ቡና ልጋብዝሽ ብላትም ሌላ ደንበኛ እየጠበቃት ነበር።

እናንተ ወጣት አቀናባሪዎች፣ ዲስካችሁ ሲሞላ ከመቆጣታችሁ፣ ያገኛችሁትን ከማጥፋታችሁ፣ ፎርማት ለሚላችሁም እጅ ከመስጠታችሁ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። እደግመዋለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። መዝሙር የምትሠሩ ዘማርያንም፣ ሬዲዮ ማስታወቂያ የምትቀዱም ሂዱ። ታማኝ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። ዋጋዋም አይጎዳም።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ እንዳልለጥፍ የጠየቀችኝ ራሷ ናት። ብቻዋን ስለምትሠራ ሰው ከበዛ ጥራት ይቀንስብኛል ትላለች። የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩንም፣ ያላችሁን ኤክስተርናል ሁሉም ያዙ። አሁን የምትሠሩትንም ፕሮጀክት አዘጋጁ፣ መጀመሪያ አሰሙኝ ማለቷ አይቀርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግ ናት።